ስምንት ቁራጭ፣ ሰባት ይሉኝታ

ቅዳሜ ከሰዓት ላይ «ዛሬ እንኳ ቀለል ያለ ነገር እንብላ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ እጁን እዩት። ሽንኩርት የከተፈ እጅ አይደለም። ቀለል ያለ ነገር የሚያምረው ምንጊዜም ሶፋ ላይ የተዘረጋ ሰው ነው። ማጀት ያለ ሰው እንዲህ ያለ ምኞት የለውም፤ ቅለቱ ለበላተኛው እንጂ ለሠሪው እንዳልሆነ ያውቃላ!

እኛ ቤት ከጊዜ ወዲህ ቀለል ያለ ነገር ማለት ፒዛ ሆኗል። ጥያቄውን የሚያነሱት ልጆቹ ናቸው፤ እኔ ዝም ብዬ እደግፋለሁ። ነገሩ በወሬ ደረጃ እንከን የለውም። ወጥ የለ፣ እንጀራ የለ፣ ማስታጠቢያ ይዞ መዞር የለ፤ ሁሉም ቁራጩን በእጁ ይዞ ፊልም እያየ ይበላል፣ ሁለት ሰሃን ታጥቦ ይተኛል። በተግባር ግን ይህ ቀላል ራት የሚጀመረው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ባለቤቴ «እስክሪብቶ አቀብሉኝ» ስትል ነው።

ዝርዝሩ ረጅም ነው። ፉርኖ ዱቄት፣ የዳቦ እርሾ፣ የበሰለ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ የፈረንጅ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ኦሬጋኖ፣ ከተገኘ እንጉዳይ። መጨረሻ ላይ፣ ከሥሩ ተሰምሮበት፣ ፎርማጆ። ዋጋው ሲነሳ ባለቤቴ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ጎረቤት ሰምቶ የዕድር መዋጮ እንዳይጨምርብን ነው መሰለኝ። ተገዝቶ ሲመጣ ፍሪጅ ውስጥ ከጎመኑ ሥር ይቀበራል። ልጆቼ ጎመን በገዛ እጃቸው አያነሱምና ከዚያ የተሻለ ካዝና የለም። ያም ሆኖ ማታ ሲወጣ አንዱ ጥጉ ተገምጦ ይገኛል። በላሁ የሚል ሰው አይገኝም። ጎመን በጤና ይሏል ይሄኔ ነው።

ቀኑም ቢሆን እንዲሁ አይመረጥም። ረቡዕና ዓርብ አይሆንም፣ ሁዳዴ ላይ አይታሰብም፣ ፍልሰታ ላይ ከአክስቴ ከእቴቴ ጋር ያጣላል። የአዲስ አበባ ፒዛ ቤቶች ለዚህ መላ ካበጁለት ቆይተዋል፤ የጾም ፒዛ ይሉታል፤ አትክልት ብቻ። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚያጠናው የእህቴ ልጅ ግን «ያለ ፎርማጆ ምን ፒዛ አለ» እያለ ያሾፍበታል። የፒዛ አገር በሆነችው ናፖሊ ከቀደምቶቹ ፒዛዎች አንዱ ማሪናራ የሚባለው ነው፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት፣ አበቃ። ወተት የነካው ነገር ጠብ አይልበትም። ይህን ብነግረው «እነሱ እኮ ጾመው አይደለም፣ ደህይተው ነው» አለኝ። በእኛ አገር ሁለቱን ለመለየት የሚቸገር ስንት ቤት እንዳለ ልነግረው ፈልጌ ተውኩት።

ሊጡን የምታቦካው ባለቤቴ ናት፤ ከስልኳ ላይ በጥንቃቄ ከገለበጠችው ወረቀት እያየች። ይህን ያህል ግራም ዱቄት፣ ይህን ያህል ውኃ፣ ይህን ያህል ጨው። የሚገርመው ወረቀቱ «ሁለት ሰዓት ይቀመጥ» የሚለው ሊጥ እኛ ቤት ሰዓቱ ሳይጋመስ ሳፋውን ሞልቶ ክዳኑን ይገፋል።

መመሪያውን የጻፈው የባሕር ዳር ሰው ነው። ጣና ዳር ያለችውን ማለቴ አይደለም፤ የእውነተኛው ባሕር ዳር። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሊጡን ከላይ የሚጫነው ነገር ይቀንሳል፤ እርሾው የሚያወጣው ጋዝም እንደ ልቡ ይነፋፋል። ውኃ እንኳ እዚህ መቶ ዲግሪ እስኪደርስ አይታገሥም፤ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ባለቤቴ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት እስኪሞላ ትጠብቃለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ተረት ትዝ ይለኛል። ትዝታውን ለራሴ እይዘዋለሁ።

እቴቴ የገባችው ይህን ጊዜ ነው።

እቴቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። በድፎ ዳቦ ሰፈሩ የሚያውቃት ሴት ናት፤ ክርስትና ሲኖር፣ ተዝካር ሲኖር፣ ዳቦው የእሷ ነው። ግራም የሚባል ነገር አታውቅም፤ የሚያውቀው እጇ ነው። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ የሳፋውን ክዳን አነሳችና ሊጡን በሁለት ጣቷ ጫን አደረገችው። ጉድጓዱ ወዲያው አልሞላም፣ ጎድጉዶም አልቀረም፤ ቀስ እያለ፣ እየለገመ ተመለሰ።

«ደርሷል» አለች።

«ሰዓቱ እኮ ገና ነው እቴቴ።»

«ሊጥ ሰዓት አያይም፣ ልጄ።»

ከዚያ ሊጡ ሲዳመጥ ቆማ ተመለከተች። ባለቤቴ መዳመጫውን ስታንከባልል፣ ሊጡ ሲሳሳ፣ የእቴቴ ፊት አብሮ ሲጠብ አየሁት። ለእሷ ዳቦ ማለት ሲቆረስ እጅ የሚሞላ ነገር ነው። በመጨረሻ አላስቻላትም። «እስቲ ቁርጡን ንገሩኝ፤ ይሄ ዳቦ ነው ወይስ ቂጣ?» ማንም መልስ አልሰጣትም። መልስ የሌለው ጥያቄ እኛ ቤት በ«ቡና ላፍላ?» ይታለፋል።

የፎርማጆው ማነስ ሲታያት ደግሞ ከዘንቢሏ አይብ አወጣች። «ይሄን ጨምሩበት፣ ምን ያሰስታችኋል?» እዚህ ላይ ባለቤቴ ፈራ ተባ አለች፤ ምክንያቷ እውነት ነበር። እንደ ሞዛሬላ ያለ የፒዛ ፎርማጆ የሚረጋው በተለየ ማርጊያ ነው፤ ከዚያ ትኩስ ውኃ ውስጥ እየታሸ ይጎተታል፣ ይለጠጣል። ምድጃ ሲያገኝ ክር የሚያወጣው ለዚህ ነው። አይብ ግን ቅቤው ከወጣለት አሬራ፣ በኮመጠጠው ላይ እሳት ተጨምሮበት የሚሠራ ነው። በእሳት የተወለደ ነገር እሳት አያስደነግጠውም። ኦቨን ውስጥ ብትከቱት ይደርቃል፣ ቢበዛ ጫፉ ይጠቁራል እንጂ አይቀልጥም። ይህን ሁሉ ለእቴቴ ማን ይንገራት? አይቡ በአንዱ ወገን ተበተነ።

ቲማቲሙ ተቀብቶ፣ ሥጋውና ቃሪያው ተደርድሮ፣ ቢጫው ፎርማጆ ሲነሰነስ የእህቴ ልጅ የሚጠብቀውን አጋጣሚ አገኘ። ታሪክ የተማረ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ራት ብቻውን አይበላም።

«እቴቴ፣ የውጫሌ ውል መቼ ነው የተፈረመው?»

«እኔን ነው የምትፈትነኝ?»

«ሚያዝያ 25 ቀን 1881። ከኡምቤርቶ መንግሥት ጋር። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የኡምቤርቶ ሚስት ንግሥት ማርጌሪታ ናፖሊ ነበረች። ራፋኤሌ ኤስፖዚቶ የሚባል ፒዛ ጋጋሪ በቲማቲም ቀይ፣ በሞዛሬላ ነጭ፣ በቅጠል አረንጓዴ፣ ባንዲራቸውን አስመስሎ ፒዛ ሠራላትና በስሟ ማርጌሪታ ተባለ ይላሉ።» ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ወሬ በጥርጣሬ እንደሚያዩት ጨመረ፤ የተማረ ሰው የነገረህን ጣፋጭ ነገር መልሶ ካልነጠቀህ አያርፍም።

እቴቴ ትንሽ አሰበች። «ባልየው አንቀጽ 17 ላይ ሊያታልለን ሲያደባ፣ ሚስትየዋ ፒዛ ትበላ ነበር በለኛ!»

«እንደዚያ ነው።»

«ሰባት ዓመት ሳይሞላ ዋጋቸውን አድዋ ላይ አገኙ።» ከዚያ ወደ ትሪው ጎንበስ ብላ አየች። አረንጓዴ ቃሪያ፣ ቢጫ ፎርማጆ፣ ቀይ ቲማቲም። «ይሄ ደግሞ የነሱ ባንዲራ አይደለም፤ የኛ ነው። አስገቡት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፒዛውን በበጎ ዓይን ያየችው ያን ጊዜ ነው። አይቡ የተበተነበት ወገን ነጭ መሆኑን የእህቴ ልጅ ሊጠቁም አፉን ሲከፍት ባለቤቴ በክርኗ ነካ አደረገችው።

አንደኛው ፒዛ ወጣ። ፎርማጆው እየተንጨረጨረ፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ፣ አይቡ እንደ ነበረ ሆኖ። ሁለተኛው ተራውን እየጠበቀ ነው። ባለቤቴ በዳቦ ቢላዋ ስምንት ቦታ ቆረጠችው፤ ሴት ልጄ የቁራጮቹን ስፋት በዓይኗ ለካች፣ ወንድ ልጄ ትልቁን አስቀድሞ በጣቱ ነካው። ስድስት ሰዎች ነበርን። ቆጠራችሁ? እኔም ቆጠርኩ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው።

እንጀራ ላይ ማንም አይቆጥርም። አንድ ገበታ ላይ ስድስት እጅ ይገባል፤ ማን ስንት እንደጎረሰ የሚያውቅ የለም፣ ለማወቅ መሞከርም ነውር ነው። የሚበላው ሰው ፊት ለፊቱን ይበላል፣ ሥጋውን በጣቱ ጫፍ ወደ እንግዳው ገፋ ያደርጋል፣ እንግዳው መልሶ ይገፋዋል፣ ሥጋው መሃል ላይ ሲመላለስ ቆይቶ ልጅ ያነሳዋል። ሆዳም ሰው እንኳ እንጀራ ላይ ስሙ አይጠፋም። ፒዛ ግን ቆጠራ ይዞ ነው የሚመጣው። «አባዬ ሦስተኛውን ነው!» የሚል ድምፅ ከወጥ ገበታ ላይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ አፍ፣ የምበላው ሲመዘገብ የሰማሁት ፒዛ ከመጣ ወዲህ ነው።

በዚህ ላይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናቸው። «ለደቂቃ ነው፣ አልቀመጥም» እያሉ ገቡ። ወንፊት ሊመልሱ ነው የመጡት።

«እንብላ!» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ።

«ኧረ ብሉ ብሉ፣ አሁን በልቼ ነው የወጣሁት።»

ይህን መልስ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ለሦስት ቀን እህል ያልቀመሰ ሰው እንኳ ሌላ ቤት ሲገባ አሁን በልቶ ነው የወጣው። መልሱም የታወቀ ነው፤ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ካልቀመሱማ ተጣላን»። ይህ ሁሉ ልመና ለእንጀራ የተሠራ ነው፤ እንጀራ ላይ አንድ ሰው ቢጨመር ገበታው ጠበብ ይላል እንጂ ድርሻ አይጎድልም። ስምንት ቁራጭ ላይ ግን «በሞቴ» ማለት የሒሳብ ሥራ ነው። ልጆቼ «እንብላ» ሲሉ ዓይናቸው ትሪው ላይ ነበር።

እቴቴ ሒሳብ ውስጥ አልገባችም። የደረሳትን ቁራጭ አንስታ ላዩ ላይ ያለውን ሥጋ በጣቷ እየለቀመች ለሴት ልጄ አዞረችው። ፒዛ ለእያንዳንዱ ሰው ዕጣውን ለይቶ የሚሰጥ ምግብ ነው፤ እቴቴ ግን የሰው ዕጣ ሳታስተካክል መብላት አትችልም። ከዚያ የተረፈውን ቁራጭ ከሁለት ወገን አጠፈችው፣ ጠቀለለችው፣ አዋዜ ነካ አደረገችበትና ብድግ ብላ ወደ ጎረቤታችን ሄደች።

ጉርሻ ለእንጀራ የተሠራ ጥበብ ነው። እንጀራ ይታዘዛል፣ ይጠቀለላል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ይሰበሰባል። ፒዛ አይታዘዝም። ጠርዙ ደረቅ ነው፣ ሆዱ እሳት ነው። ጎረቤታችን እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ኧረ በልቻለሁ፣ በልቻለሁ» ሲሉ እቴቴ እጃቸውን ገለል አድርጋ አጎረሰቻቸው። እጇን ስትመልስ ፎርማጆው አብሯት መጣ። ከጎረቤታችን ከንፈር እስከ እቴቴ አውራ ጣት አንድ ቀጭን ቢጫ ክር ተዘረጋ። እቴቴ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች፣ ክሩ ረዘመ። ሌላ እርምጃ፣ ክሩ አሁንም አለ። ጎረቤታችን አፋቸው ሞልቶ፣ ዓይናቸው በትኩሱ እንባ አቅርሮ፣ በእጃቸው ምልክት ያሳያሉ። በመጨረሻ ወንድ ልጄ መጥቶ በመቀስ ቆረጠው።

«አንድ ያጣላል» አለች እቴቴ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለች።

በዚህ ሁኔታ፣ ጉርሻው ተቆጥሮ፣ ለሁሉም አንድ አንድ ደረሰ። ሰባት ሰው፣ ሰባት ቁራጭ። ትሪው ላይ አንዲት ብቻዋን ቀረች፤ ከአይቡ ወገን የሆነች። ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። «አንተ ብላው።» «ኧረ እኔ ጠግቤያለሁ፣ አንቺ ብዪው።» «ለእቴቴ ስጧት።» «እኔ ሌሊት ይከብደኛል።» «እንግዳ እያለ?» «ኧረ እኔ እኮ በልቼ ነው የመጣሁት።» ቁራጯ ከሰው ሰው ስትዞር ቆይታ ተመልሳ መሃል ትሪው ላይ አረፈች። ልጆቼ እንኳ፣ ፎርማጆ ከጎመን ሥር ቆፍረው የሚያወጡት ልጆቼ፣ ሰው ፊት ጨዋ ሆኑ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ሰምተው ያደጉ ናቸው።

መብራት የሄደው ያኔ ነው።

ድርግም። ኦቨኑ ውስጥ ገና የገባው ሁለተኛው ፒዛ ነበር፣ ፊልሙም ገና ስሙን እየጻፈ ነበር። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ጨለማው ድፍን ያለ ነው፤ እጁን የሚዘረጋ ሰው ቢኖር ማንም አያየውም። ከዚያ የእህቴ ልጅ የስልኩን መብራት አበራ። የገረመኝ፣ መብራቱ ሲበራ ሁላችንም መጀመሪያ ያየነው በር አይደለም፣ ሻማም አይደለም፣ ትሪውን ነው። ቁራጯ አለች። ይሉኝታ በጨለማም ይሠራል።

«ይመጣል፣ እንጠብቅ» አልኩ እኔ።

«ሊጥ ይጠብቃል?» አለች እቴቴ። «ከሰል አለ?»

ከሰል ነበር። ጓሮ ማድቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ የሸክላ ምጣድም ነበር። ጎረቤታችን አሁን በልተው እንደመጡ ረስተው «ኮባ እኔ ግቢ አለ» ብለው ወጡና ሰፊ ቅጠል ቆርጠው ተመለሱ። እቴቴ ምጣዱን ከሰሉ ላይ ጣደች፣ ቅጠሉን አነጠፈች፣ ከኦቨኑ ያወጣነውን ጥሬ ፒዛ በላዩ ገለበጠችው ልል ስል በሁለት እጇ አንሸራታ አሳረፈችው፤ አንድ ቃሪያ እንኳ አልወደቀም። በቆርቆሮ ክዳን ከደነችው። ከዚያ የቀላ ፍም በመቆስቆሻ እየዛቀች ክዳኑ ላይ ደረደረች።

«እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት» ስንል መከራ ለበዛበት ሰው ለማዘን ነው። ዳቦው ግን በዚህ ቅሬታ የለውም፤ የሚበስለው እንዲያ ነው። የናፖሊ ጋጋሪዎች ምድጃም ሌላ ተአምር የለውም፤ ወለሉ ከታች ያቃጥላል፣ ጉልላቱ ከላይ ይመልሳል፣ ሙቀቱ ከ430 እስከ 480 ዲግሪ ይደርሳል፣ ፒዛው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። የኛ ኦቨን ተጨንቆ 250 ነው የሚደርሰው። የናፖሊ ፒዛ ጋጋሪዎች ጥበብ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ዩኔስኮ ዘንድ ተመዝግቧል፤ የመስቀል በዓላችን ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ የገባበት መዝገብ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ሲነግራት እቴቴ በጭሱ መሃል ዓይኗን እየጠረገች «እኔን ማን መዘገበኝ?» አለች።

ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ከጓሮ እስከ ሳሎን ገባ። ከሥሩ የኮባው ደም ሥር ታትሞበታል፣ ከላይ ፎርማጆው ጠቆር ጠቆር ያለ እብጠት አውጥቷል። ጭስ ጭስ ይላል። ባለቤቴ ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ስትከት አየኋት፤ ቢላዋውን ግን በጨለማ ማን ያግኘው? እቴቴ ሰፌድ አስመጣች፣ ፒዛውን እንዳለ ዘረጋችውና መሃል አስቀመጠችው።

«በሉ ቅረቡ።»

ሰባት እጅ ገባ። ማን ከየት እንደቆረሰ፣ ማን ስንት ጊዜ እንደመለሰ የሚታይ ነገር የለም። አንድ ሻማ ብቻ ነው፣ እሱም በነፋስ ይወዛወዛል። ልጆቼ መቁጠር አልቻሉም። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በደንብ በላሁ። ጎረቤታችን ደግሞ በልተው የወጡት ራት ምን ያህል ቀላል እንደነበር በዚያ ሰፌድ ላይ ታወቀ። ሥጋ ያለበት ቁራሽ ወደ እሳቸው ሲገፋ መልሰው ገፉት፣ እኔም መልሼ ገፋሁት፣ መሃል ላይ ጠፋ። የማን እጅ እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ሰፌዱ ባዶ ሲሆን ቡና ቀረበ፤ ከሰሉ ከተቀጣጠለ በኋላ ቡና ሳይፈላ ማጥፋት ግፍ ነውና። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው። መብራት የመጣው ልክ ሲኒው ሲታጠብ ነው። ፊልሙ ከቆመበት ቀጠለ፤ የሚያይ ግን አልነበረም፣ ልጆቹ በእቴቴ ጋቢ ሥር ተኝተዋል። ሳፋ፣ ትሪ፣ መዳመጫ፣ ምጣድ፣ ሰፌድ፣ ረከቦት፣ ሲኒ፣ ሰባት ሰሃን። ባለቤቴና እኔ እነዚህን አጥበን ስንጨርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ለበዓል ዶሮ ተሠርቶ እንኳ ቀድመን ተኝተን እናውቃለን።

ያቺ ስምንተኛ ቁራጭ ግን አልተነካችም። ባለቤቴ ሰሃን ገለበጠችባትና እንደዚያው አደረች።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ ማጀቱ በቅቤ ሽታ ታውዷል። እቴቴ ቀድማን ደርሳ ነበር። ቁራጯን አንስታ፣ ልጆቹ ትተውት ያደረውን ደረቅ ጠርዝ ሁሉ ለቅማ፣ በእጇ ቆራርሳ፣ በርበሬና ንጥር ቅቤ ድስት ውስጥ እያማሰለች ነው። አይቡ አሁን ቦታውን አግኝቷል፤ ከላይ ተበትኖ እንደ ልማዱ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ፎርማጆው በበርበሬው ውስጥ ክር ክር ይላል።

ሴት ልጄ ድስቱን አጎንብሳ አየች። «እቴቴ፣ ይሄ ፒዛ ነው ፍርፍር?»

«ቁርስ ነው። እጅሽን ታጠቢ።»

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ማታ ነጠላቸውን ረስተው ሄደው ነበር። «አልቀመጥም፣ ለደቂቃ ነው፣ ቁርስ በልቼ ነው የ—»

እቴቴ ጠቅልላ ጨርሳ ነበር።